«ዘር» እና የደም ግፊት፤ በሰሜን ጎንደር ደጋና ቆላ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

በጎንደርና በአካባቢው ስለ ደም ግፊት ነገር ሲነሣ ሁለት አነጋገሮች አይታጡም። አንደኛው በሽታውን «ደም ብዛት» ብሎ መጥራት ነው፤ ሁለተኛውም «በዘር የሚመጣ ነው» ማለት ነው። ባላገሩ እንዲህ ቢል የሚነቅፈው የለም፤ ቃሉን ከጎረቤቱ እንደ ሰማው ይናገራልና። የተማረው ሰው ግን እነዚህኑ ሁለት አሳቦች ሳይመረምር ወደ ጥናቱ ያስገባቸው እንደ ሆነ፣ ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሰሜን ጎንደር ደጋና ቆላ የሚኖረውን ሕዝብ አካል፣ ደምና ውርስ የሚመለከቱትን ዋና ዋና ጥናቶች ከ1969 ጀምሮ መመዘን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የምናቀርበው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በእኛ ቋንቋ «ዘር» የሚለው ቃል ቤተሰብን፣ ሕዝብንና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ዘረ መል ባንድነት ይሸፍናል። በዚህም ምክንያት ስለ አንዱ የተገኘው ማስረጃ ለሌላው እንደ ማስረጃ ይቈጠራል። ሦስቱን ለያይቶ ለማየት ላብራቶሪ ብቻውን አይበቃም፤ የትውልድ ቈጠራ፣ የፍልሰት ታሪክና የማእድ ታሪክ ያስፈልጋሉ። ለዚህም ሥራ ሳንጃንና የደጋ ዘመዶቿን የሚያህል ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

አስቀድመን «ደም ብዛት» የሚለውን እንመልከት። የደም ግፊት ማለት ደም በሥሮች ውስጥ ሲዘዋወር ግድግዳቸውን የሚገፋበት ኀይል ነው። ሐኪሞች በተለያየ ጊዜ ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይሉታል። የደሙ መጠን መብዛት ወይም መቅላት ሌላ ጉዳይ ነው። ስያሜው ግን ሁለቱን ያቀላቅላል፤ ከዚህም የተነሣ ራሱን ያመመው ሰው «ደሜ በዝቶ ነው» ብሎ በዋግምት ደም ሲያስወጣ እናያለን። ይኸው መቀላቀል በትምህርት ቤትም አይጠፋም። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ሊቅና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ ደማቸው የተሸከመው ኦክሲጅን ከመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ። ይህ ልኬት በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ልኬት እምብዛም አይርቅም። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪ በከፍታው የተነሣ ሄሞግሎቢኑ ሲጨምር፣ የቲቤት ነዋሪም የኦክሲጅኑ መጠን ሲያንስ፣ የሰሜን ባላገር ሁለቱም አልታየበትም። እንግዲህ የደጋው ሰው «ደም የበዛበት» አይደለም። ይህ ግኝት ስለ ደም ግፊቱ ግን አንዳች ነገር አይነግረንም፤ አልተጠየቀበትምና።

ከዚህ በኋላ በ2012 ቢልና አና ዲ ሪየንዞ ከሌሎች ጋር ሆነው በከፍታና በዝቅታ ከሚኖሩ የአማራና የኦሮሞ ተወላጆች የተወሰደውን ዘረ መል መርምረው አሳተሙ። ሥራው ጥንቃቄ ያልተለየው ነው። በቲቤት ሕዝብ ላይ ሄሞግሎቢንን እንደሚወስኑ የታወቁት የዘረ መል ልዩነቶች በኢትዮጵያውያን ላይ ያንኑ ሥራ ሲሠሩ አለመገኘታቸው ትልቅ ትምህርት ነው። አንድ ዓይነት ችግር የገጠማቸው ሁለት ሕዝቦች በአንድ መንገድ አላለፉትም ማለት ነውና፤ ስለዚህ ከአንዱ የተገኘውን ለሌላው ማልበስ አይቻልም። በዚሁ ሥራ ላይ የምናነሣው ነቀፋ ከላብራቶሪው በፊት ስላለው መነሻ ነው። አማራ ከ2,500 ሜትር በላይ ቢያንስ 5,000 ዓመት ኖሯል፤ ኦሮሞ ግን ወደ ከፍታው የወጣው ከ1500ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው የሚል አቆጣጠር እንደ ሰዓት ተይዟል። «አማራ» የሚለው ስም በ5,000 ዓመት ውስጥ ያንኑ ሕዝብ ይሸፍን ነበርን? በደጋው የአገው ወገን ከሌላው ጋር ተጋብቶ፣ ቋንቋውን ለውጦ፣ ስሙንም ለውጦ መኖሩን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ስም ሲለወጥ ዘረ መል ባለበት ይቀራል፤ ዘረ መል ሲቀላቀልም ስም ባለበት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የሕዝብን ስም እንደ ዘረ መል መለያ መውሰድ መነሻውን ያናጋዋል።

አሁን ወደ ደም ግፊት ውርስ እንምጣ። ግፊት በከፊል ከወላጅ እንደሚወረስ አያጠራጥርም። በቤተሰብና በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የግፊት ልዩነት በግምት ከመቶ 30 እስከ 50 የሚሆነውን ለውርስ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ይህ ውርስ የአንድ ዘረ መል ሥራ አይደለም። እስከ 2024 በታተሙት ታላላቅ ጥናቶች ከግፊት ጋር የተያያዙት የዘረ መል ምልክቶች ከ2,000 በላይ ሆነዋል፤ የእያንዳንዳቸውም ድርሻ እጅግ ጥቂት፣ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነሰ ነው። የተጠኑትም ሰዎች አብዛኛዎቹ የአውሮፓ ተወላጆች ናቸው። ከዚህም በላይ መቶኛው የሚናገረው በአንድ አካባቢ በሚኖሩ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው እንጂ፣ በሁለት አካባቢ በሚኖሩ ሕዝቦች መካከል ስላለው አይደለም። ይህን ለመረዳት ገበሬ መሆን ይበቃል። በአንድ ማሳ ላይ አንዱ የገብስ ዛላ ከሌላው ቢበልጥ ምክንያቱ ዘሩ ሊሆን ይችላል፤ የወገራ ማሳ ከአርማጭሆ ማሳ ቢበልጥ ግን ገበሬው ዘሩን ከመውቀሱ በፊት አፈሩን፣ ዝናቡንና ተባዩን ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ የእንግሊዛዊው ጂ ኤ ሃሪሰንና የባልደረቦቻቸው ሥራ ልዩ ክብር ይገባዋል። በ1969 በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት የታተመው ጥናታቸው ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ያለችውን ደባርቅንና ወደ 1,500 ሜትር የሆነችውን አዲ አርቃይን አነጻጽሮ፣ የነዋሪውን ቁመና፣ የደረት ስፋት፣ የአካል ሥራና የደም ዓይነት መዝግቧል። በ1976 ደግሞ ክሌግ፣ ጄፍሪስና ሃሪሰን በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የደም ግፊትን የሚወስኑት ነገሮች ምን እንደ ሆኑ የሚመረምር ጽሑፍ አወጡ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙ፣ በቋንቋና በሃይማኖት የተቀራረቡ፣ በከፍታ ግን የተለያዩ በመሆናቸው ምርጫው ብልህ ነበር።

ቢሆንም ጥናቱ ደጋንና ቆላን በሜትር ለካ፤ ባላገሩ ግን ደጋንና ቆላን በሜትር አይለይም። ቆላ ማለት ለእርሱ ሙቀት ነው፤ ወባ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ ነው፤ ርስት ያጣ፣ ከባላጋራው የሸሸ፣ ወይም ሀብት የፈለገ ሰው የሚወርድበት አገር ነው። ደጋም ገብስና ባቄላ፣ ብርድና ጠባብ መሬት ነው። ወባ የደጋገመበትና ላቡን ሲያፈስ የሚውል ሰው ሰውነቱ ይቀላል፤ ክብደት ሲያንስ ደግሞ ግፊትም ዝቅ ሊል ይችላል። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል የግፊት ልዩነት ሲታይ፣ የአየሩ መሳሳት ነው ወይስ ወባው፣ ጨው ነው ወይስ የሥራው ዓይነት፣ ወይስ ውርስ የሚለውን ሁለት ከተማ በማነጻጸር ብቻ መለየት አይቻልም። አንድ ልዩነት ያላቸው የሚመስሉት ሁለት ቦታዎች በእውነቱ ዐሥር ልዩነት አላቸው።

ሳንጃን የምናነሣው በዚህ ምክንያት ነው። የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ የሆነችው ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወርዱ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በሕክምና መጽሔቶች ስሟ ሲነሣ የቆየው በተለይ ከወንዟ ውኃ በሚመጣው ቢልሃርዝያ ነው፤ በ2014 የታተሙ ጥናቶች ከተመረመሩት የትምህርት ቤት ልጆች እጅግ የሚበዙት በበሽታው መያዛቸውን አሳይተዋል። የአካባቢዋ ነዋሪ ደግሞ «ነባር ሕዝብ» የሚለውን የውጭ ሊቃውንት አነጋገር በቀላሉ የሚቀበል አይደለም። በአርማጭሆ ከደጋ የወረደ አማራ አለ፤ ቅማንት አለ፤ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ቤተ እስራኤላውያን በጉልበታቸውና በእጅ ሙያቸው ይኖሩበት ነበር፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ አብደራፊ የሚወርደውም ወዛደር ከየአውራጃው የመጣ ነው። «የዚህ አገር ነባር ማነው?» የሚለው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት በዚሁ አካባቢ የሰው ሕይወት ያስከፈለ ክርክር ሆኗል። እንዲህ ባለ ቦታ ሐኪም «የዚህ ሕዝብ ዘር ለግፊት የተጋለጠ ነው» ብሎ ሲጽፍ ቃሉ በመጽሔት ገጽ ብቻ አይቀርም።

ወደ ከተማዋ ወደ ጎንደር ስንመለስ ሌላ ዓይነት ማስረጃ እናገኛለን። በ2012 የታተመ ጥናት በጎንደር ከተማ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 679 ሰዎች መርምሮ ከመቶ 28.3 የሚሆኑት ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው አገኘ፤ ከእነዚህም ከሲሦ የሚበልጡት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። በ2015 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የጎንደር ከተማን ከዳባት ገጠር ጋር አነጻጽሮ በከተማው ከመቶ 30.7፣ በገጠሩ ከመቶ 25.3 መሆኑን ገለጠ። ይህ ቁጥር «ግፊት የከተማና የባለጸጋ በሽታ ነው» የሚለውን ብሂል ያፈርሰዋል፤ በደጋው ገጠር ከአራቱ ጎልማሶች አንዱ በሽተኛ ነውና።

በመጀመሪያው ጥናት በቤተሰቡ ግፊት ያለበት ሰው ራሱም የመታመም ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ብዙ አንባቢ ይህን «በዘር ነው» ለሚለው አነጋገር ማረጋገጫ አድርጎ ይወስደዋል። ነገር ግን አባትና ልጅ የሚጋሩት ዘረ መልን ብቻ አይደለም፤ ድስቱንም ይጋራሉ። በአንድ ቤት የሚበላው ወጥ በአንድ እጅ ይጨመርበታል ጨው። ደግሞም አባቱ ግፊት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ማለት አባቱ የተለካለት ሰው ነው፤ ጤና ጣቢያ በማይደረስበት ቀበሌ አባቱ በድንገት ወድቆ የሞተበት ሰው «በቤተሰባችን ግፊት የለም» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ መጠይቁ ውርስን ለካሁ ሲል የሕክምና ቅርበትን ለክቶ ሊሆን ይችላል።

ጨውን ካነሣን የማእድ ታሪክ ለዚህ ጥናት ምን ያህል እንደሚጠቅም እናሳይ። ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው በጎንደር ገበያ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ድረስ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር። ጨው ገንዘብ በነበረበት ቤት እመቤቲቱ በወጥ ላይ እንደ ልብ አትበትነውም። ዛሬ ጨው ከሸቀጥ ሁሉ ርካሽ ነው። በ2015 በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው የጤና ጥናት አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ዘረ መላችን አልተለወጠም፤ የጨው ዋጋ ግን ተለውጧል።

ለክርክሩ ብርቱ ማስረጃ የሚሆነው ከዚሁ አገር ወጥቶ የሄደው ወገን ነው። በ1984 እና 1985፣ በኋላም በ1991 ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ የጎንደርና የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ። ታልማ ሮዘንታል፣ ዑሪ ጎልድቡርትና ሌሎችም በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያሳተሟቸው ጥናቶች፣ እነዚህ ሰዎች ሲደርሱ ግፊታቸው ዝቅተኛ እንደ ነበረ፣ በአዲሱ አገር ዓመታት ባሳለፉ ቁጥር ግን ከክብደታቸው ጋር እየጨመረ መሄዱን ያሳያሉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዘራቸው አልተለወጠም፤ ማእዳቸው፣ ሥራቸውና ኑሯቸው ግን ተለወጠ። እርግጥ ነው፣ በ1984 የመጡት ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጉዘው በመጠለያ ሰፈር ረኃብና በሽታ ያደቀቃቸው ነበሩ። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት የአርማጭሆንና የወገራን ደህና ኑሮ ሳይሆን የስደትን ድካም ጭምር ይመዘግባል። ይህን ማስተዋል ማስረጃውን አያፈርሰውም፤ ነገር ግን መነሻው ነጥብ የት እንደ ሆነ እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ይህ መንገድ በሌላም አገር ታይቷል። በ1990 በታተመ ጥናት ከገጠር ወደ ናይሮቢ የሄዱ የሉዎ ተወላጆች ግፊት በገጠር ከቀሩት በልጦ ተገኝቷል፤ ለውጡም ከፍልሰቱ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነበር የታየው። በ1997 ሪቻርድ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው ከምዕራብ አፍሪቃ የተወለዱ ሕዝቦችን አነጻጽረው፣ ከፍተኛ ግፊት በምዕራብ አፍሪቃ ከመቶ 16፣ በካሪቢያን ደሴቶች 26፣ በአሜሪካ 33 መሆኑን አሳዩ። ቀደም ብሎ በ1991 ዊልሰንና ግሪም ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ሌላ ትርጓሜ አቅርበው ነበር። በባሪያ መርከብ ላይ በውኃ ጥምና በተቅማጥ ብዙዎች ሲሞቱ፣ ጨው በሰውነታቸው ማቆየት የቻሉት ተርፈው ይህንኑ ጠባይ ለልጆቻቸው አወረሱ የሚል ነው። ትርጓሜው ለመስማት የሚያረካ ስለ ነበረ በፍጥነት ተሰራጨ። በ1992 ግን የታሪክ ሊቁ ፊሊፕ ከርቲን የመርከቦቹን መዝገብና የንግዱን ታሪክ መርምሮ የታሪክ መሠረቱ የማይጸና መሆኑን ገለጠ። ከዚህ የምንማረው ስለ ሕዝብ ያለፈ ኑሮ የተነገረ ነገር በሐኪም ቤት ሳይሆን በታሪክና በሥነ ሰብእ ሚዛን መመዘን እንዳለበት ነው። በኢትዮጵያም የ5,000 ዓመቱ ሰዓት እንዲሁ ባለሙያው ሊመረምረው ይገባል።

አንባቢ እኛ ውርስን የምንክድ አድርጎ እንዳይወስደን። በአንድ ማእድ ከበሉ ወንድማማቾች አንዱ በአርባ ዓመቱ ሲታመም ሌላው እስከ ሰማንያ በጤና መኖሩን ሁላችንም አይተናል፤ ለዚህ ዘረ መል ድርሻ አለው። የአፍሪቃ ሕዝቦች ዘረ መል ከሌላው ዓለም ይልቅ ብዙ ልዩነት የያዘ ስለ ሆነ፣ በጎንደር የሚደረግ የዘረ መል ምርመራ ለዓለም ሁሉ ትምህርት ሊሰጥ ይችላል። የምንለው ምርመራው ይቅር ሳይሆን በሚገባው ጥያቄ ይጀመር ነው።

የሚገባው ጥያቄ እንዴት ይቀርባል? በሰሜን ጎንደር መሬት በርስት ይያዝ በነበረበት ዘመን ሰው መብቱን የሚያረጋግጠው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን ቈጥሮ ነበር። በጋብቻም ረገድ እስከ ሰባት ቤት መቍጠር የታወቀ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሌላ አገር ሐኪሞች በብዙ ወጪ የሚያዘጋጁት የቤተሰብ ሐረግ በእኛ አገር በሽማግሌዎች ቃል ተጠብቆ ይገኛል። በወገራና በዳባት የቀረ አንድ ወንድም፣ ወደ ሳንጃ የወረደ ሌላ ወንድም፣ ወደ ጎንደር ከተማ የገባ ሦስተኛ፣ ሁሉም በአንድ አያት የሚገናኙ ቤተሰቦች ተመርጠው ቢለኩ፣ ዘሩ አንድ ሆኖ ቦታው የሚለያይበት፣ ቦታው አንድ ሆኖም ዘሩ የሚለያይበት ሚዛን ይገኛል። ከ1996 ጀምሮ በዳባት የሚደረገው የሕዝብ ቈጠራና ክትትል ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው፤ ጎንደርም ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ትምህርት ቤት አላት።

ለዚህ ሥራ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የዕድሜ ነገር ነው። ግፊት ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምር ዕድሜ በግምት ከተጻፈ ንጽጽሩ ሁሉ ይበላሻል፤ የልደት መዝገብ በሌለበት ዕድሜ የሚገኘው የ1977 ዓመተ ምሕረቱን ድርቅ፣ የደርግን መውደቅና የመሳሰሉትን ክስተቶች ተከትሎ በመጠየቅ ነው። ሁለተኛው የመለኪያው ሰዓት ነው። በገበያ ቀን ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣን ሰው ወዲያው መለካት ድካሙን መለካት ነው። ሦስተኛው የስም ነገር ነው። ሰውየው አማራ ወይም ቅማንት መባሉ በመዝገቡ ሊጻፍ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በዘረ መል ምትክ ሊቈጠር አይገባም። ሦስቱም ያለ ሥነ ሰብእ ባለሙያ እርዳታ የሚፈጸሙ አይደሉም።

ይህ ክርክር የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስል በመጨረሻ ፍሬውን እንናገር። ግፊት ሕመሙ ሳይሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ በሽታ ነው። የቆላው ባላገር «ይህ የደገኛና የከተሜ በሽታ ነው፤ እኛ ዘራችን አይደለም» ብሎ ከታመነ አይለካም፤ የደጋውም ሰው «በዘሬ ያለ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ተስፋ ከቈረጠ ጨውን አይቀንስም፤ የተሰጠውንም ኪኒን ጀምሮ ይተወዋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ቃል ነው። ስለዚህ በጤና ጣቢያ የተቀመጠችው ነርስ «በዘር ነው» ከማለት ይልቅ «በቤተሰብህ ካለ ቶሎ ቶሎ ተለካ፤ ከሌለም ተለካ» ብትል ለሳይንሱም ለሰውየውም ትቀርባለች። ሊቃውንቱም የሕዝቡን ስም ከመጻፋቸው በፊት የሕዝቡን ኑሮ ቢጽፉ፣ ከሳንጃ ቆላ የሚወጣው ትምህርት ለኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን «ነባር ሕዝቦች» እየተባለ ስለ ደማቸው ለሚጻፍባቸው ሁሉ ይጠቅማል።